ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ከዓባይ በረሃ እስከ ሰባራ ድልድይ የተያዘ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ዓባይ በረሃና ቢቸና

ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ ብዙም የሚጻፍለት አይደለም። ማለዳ 12 ሰዓት የተነሣ መኪና ገብረ ጉራቻ ላይ ቁርስ ይበላና ጉዞው ከምር የሚጀምረው ጎሃ ጽዮን አፋፍ ሲደረስ ነው። መናኸሪያ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ «ጎጃም፣ ጎጃም» እያለ የሚጠራ ረዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ወደ ደብረ ማርቆስ ነው። እንደ እኛ ወደ ጥንታዊቱ የምሥራቅ ጎጃም ደብር፣ ወደ መርጡለ ማርያም የሚሄድ ሰው በቢቸናና በሞጣ በኩል የሚያልፈውን መኪና ለይቶ ካልተሳፈረ ደጀን ላይ ወርዶ ሌላ መኪና ሲጠብቅ ግማሽ ቀን ያልቅበታል።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ማርሹን የሚቀንሰው ቁልቁለቱ ውስጥ ገብቶ ሳይሆን አፋፉ ላይ ሳለ ነው። በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ግን ገና ድልድዩ ሳይታየው የፍሬን ሸራው ይግላል። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ቀጥሎ ፔዳሉ እየለሰለሰ ወደ ታች ይሰምጣል። ያኔ ጥግ ይዞ ማቆምና በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። ውሃ መድፋት ታምቡሩን ይሰነጥቀዋል።

አስፋልቱ በየቦታው እንደ ተጨማደደ ምንጣፍ ተሸብሽቧል። ሰው ሁሉ «የከባድ መኪና ሥራ ነው» ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ገደሉ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና ጄሶ፣ ወደ ታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ነው። ክረምት ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ለስላሳውን ክፍል ሲያርሰው ተዳፋቱ መንገዱን ተሸክሞ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ስለዚህ ዛሬ የተጠገነው ከጥቂት ክረምት በኋላ እንደገና ይሸበሸባል።

ከታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አሮጌው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። አዲሱ፣ ባለገመዱ የህዳሴ ድልድይ፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ጥበቃዎቹ ድልድዩ ላይ ፎቶ ማንሣት አይወዱም። ከላይ ከደጀን በኩል ካለው መታጠፊያ ማንሣት ይቀላል፣ ምስሉም የተሻለ ይሆናል።

ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ቀኙ ወደ ቢቸና ነው። ከዚህ በኋላ አገሩ ሜዳ ነው፣ በግራ በኩል በሩቁ የጮቄ ተራራ ሰንሰለት አብሮ ይሄዳል። በጥር ውቂያው ስለሚጠናቀቅ ገለባው በየደጁ ተቆልሎ ይታያል። ቢቸና የበላይ ዘለቀ አገር ናት፤ አምስት ዓመት ጠላትን በተዋጋ፣ ነጻነት በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በላይ። እዚህ ስሙ ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ይላል።

አልጋ 150 ብር፣ ሽሮ 35 ብር፣ ቡና 5 ብር ነበር። እንጀራው ግን ዋጋ አይወጣለትም። አዲስ አበባ ላይ «የጎጃም ማኛ» ተብሎ የሚሸጠውን ጤፍ የቀመሰ ሰው እዚህ ሲበላው ምን ያህል እንደተቀላቀለበት ያውቃል።

ዓርብ፣ ጥር 24። ዲማ ጊዮርጊስ

ዲማ ከቢቸና ብዙም አይርቅም። ባጃጅ ደርሶ መልስ በኮንትራት መያዝ ይሻላል፤ ጥዋት ያደረሰ ባጃጅ ካልጠበቀ ከሰዓት በኋላ ሌላ ማግኘት ዕድል ነውና። ሒሳቡ ሲነጋገሩ «መጠበቂያውን ጨምሮ» የምትለዋ ቃል ካልተባለች ማታ ላይ ክርክር ታስነሣለች።

ዲማ የሚጎበኘው ሕንፃው ታይቶ ብቻ አይደለም። ቅርሱ ጉባኤው፣ የቅኔ ትምህርት ቤቱ ነው። ዋሸራና ጎንጅን ያፈራችው ጎጃም ቅኔን የምትቆጥረው እንደ እርሻዋ ነው፣ ዲማም ከዚህ አውድማ አንዱ ነው። የቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆዎች ሁለት ሰው ተጣጥፎ የሚተኛባቸው ናቸው። ተማሪው ጥዋት በየመንደሩ ዞሮ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ይዞ ይመለስና ከሰዓት በኋላ ለብቻው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ደበሎውን ደርቦ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ተማሪ የተኛ ይመስላል፤ አልተኛም። መንገደኛ ቀርቦ «ደኅና ዋልክ» ሲለው የተያዘው የቅኔ ቤት (ስንኝ) ሊፈርስበት ይችላል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ ጨዋነት ነው።

ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቀላል ትመስላለች፣ ግን ሰሙንና ወርቁን በሁለት ስንኝ ማግባት ነው ፈተናው። ቤቱ እየጨመረ ሄዶ መወድስ ላይ ስምንት ይደርሳል። ማታ የኔታ ፊት ሲነገር ቤት የጎደለበት ወይም ዜማ ያነቀው ወዲያው ይታረማል። ግእዝ የማያውቅ ጎብኚ እንኳ የተማሪዎቹን ፊት አይቶ የትኛው እንደተሳካ ይገባዋል፤ ያማረ ቅኔ ሲወርድ ከጀርባ «ይበል!» ይሰማል።

ስጦታ ይዞ ለሚሄድ ሰው ቆሎ፣ ጨው፣ ሳሙናና ጧፍ ከብር ይሻላል። የሚሰጠውም ለአንድ ተማሪ በእጁ ሳይሆን ለየኔታ ነው፤ እርሳቸው ያከፋፍላሉ። በእጅ የተሰጠ ነገር ጥሎት የሚሄደው ጠብ ነው። ሴት ጎብኚዎች እዚህም ሆነ በቀሪዎቹ ገዳማት እስከ የት እንደሚገቡ ከበሩ ላይ መጠየቅ አለባቸው፤ ወንዱም ጫማውን የት እንደሚያወልቅ።

ዓርብ ስለሆነ ምግቡ ጾም ነው፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ሱፍ ፍትፍት።

ቅዳሜ፣ ጥር 25። ደብረ ወርቅ፣ ከዚያ መርጡለ ማርያም

ደብረ ወርቅ ማርያም ኮረብታዋ ላይ ሆና ከተማዋን ቁልቁል ታያለች። ቅዱስ ሉቃስ የሣላት ናት የምትባለዋ ሥዕለ ማርያም ያለችው እዚህ ነው። ሥዕሏን አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው አዝኖ ይመለሳል፤ ለጎብኚ የምትገለጥ አይደለችም። ግቢውን ለማየትና ለመሳለም ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ወደ መርጡለ የሚወስደው መንገድ ከዋናው ወደ ምሥራቅ ይገነጠላል። ጠጠር ነው፣ ከጠጠሩ ላይ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ተኝቷል። ጎማ የፈነዳው እዚህ ነው። ጎማ መፈንዳቱ ብርቅ አይደለም። ችግሩ ስኮርታው አየር አልነበረውም፣ ክሪኩ ደግሞ አቧራው ውስጥ እየሰመጠ መኪናውን ማንሣት አቃተው። መላው ቀላል ነው፦ አቧራውን በእግር ገፍቶ ጠንካራውን መሬት ማግኘት፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ፣ ክሪኩን እሱ ላይ ማቆም። የጎማው ብሎኖች ጎማው መሬት ሳይለቅ በፊት ነው የሚላሉት፤ ከተነሣ በኋላ ጎማው አብሮ ስለሚዞር ጉልበት ብቻ ይባክናል። በፒካፕ ያለፈ የእህል ነጋዴ በትንሽ ፓምፕ ስኮርታውን ነፋልን። ከመነሣት በፊት ስኮርታውን በእጅ መጫን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፣ እዚህ ሁለት ሰዓት ፈጀ።

መርጡለ ማርያም ስትደረስ 9 ሰዓት ሆኗል። «መርጡል» በግእዝ አዳራሽ ማለት ነው፣ የማርያም አዳራሽ። ከተማዋ ስሟን ከቤተ ክርስቲያኑ ወስዳ ዙሪያውን ተሰብስባለች። የደብሩ አለቃ ማዕረግ «ርእሰ ርኡሳን» ይባላል፤ ሰላምታ ሲያቀርቡ ማዕረጉን ጠርቶ፣ «እርስዎ» ብሎ፣ መስቀል ተሳልሞ ነው። ስሙን ብቻ የሚጠራ እንግዳ በሩ አይዘጋበትም፣ ግን ቶሎም አይከፈትለትም።

ያን ቀን የተከፈተልን አልነበረም። ቅርሱ የሚጠበቅበት ዕቃ ቤት በአንድ ሰው አይከፈትም፤ ቁልፎቹ ከዕቃ ቤት ጠባቂው፣ ከቄሰ ገበዙና ከሰበካ ጉባኤው ዘንድ ተከፋፍለዋል። ሁለቱ አባቶች ተገኙ፣ ሦስተኛው ተዝካር ሄደዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይህን እንደ ዳተኝነት ቆጥሮ ይበሳጫል፤ ትክክል አይደለም። ብራናና መስቀል እየተሸጠ ባሕር በተሻገረበት አገር፣ ብቻውን የሚከፍት ሰው አለመኖሩ ነው የቀረውን ያቆየው። ጎብኚው ማድረግ ያለበት ጊዜውን ከእነሱ ጊዜ ጋር ማስማማት ነው።

ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለው ደብዳቤ መያዝም ይጠቅማል። ቅዳሜ ግን ቢሮ ዝግ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በፊት መጨረስ ነበረበት።

እሑድ፣ ጥር 26። መርጡለ ማርያም

እሑድ ሁሉም አባት አለ። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ሰንበቴው ተበልቶ፣ ጠላው ተቀምሶ፣ ወደ 4 ሰዓት ላይ ሦስቱም ባለቁልፎች አንድ ላይ ተገኙ። ምክሩ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ዕቃ ቤት ማየት የፈለገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጣ። በ21 የማርያም ዕለት አይምጣ። በተለይ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ለመሳለም የተባረከ ቀን ነው፤ ቅርስ ለማየት ግን ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ግንቡን መጠጋት እንኳ አይቻልም። ጉዞው ከ21 በኋላ እንዲሆን የተደረገውም ለዚህ ነው።

ዕቃ ቤት ውስጥ ብራናው የሚገለጠው በአባቶቹ እጅ ነው። ጣት ምራቅ ነክቶ ቅጠል መግለጥ ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው፤ እርጥበት ቀለሙን ይፈታዋል። የካሜራ ብልጭታም ይጠፋ።

ዋናው ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው የፈረሰ ግንብ ነው። ለእሱ ቁልፍ አያስፈልግም፣ ፀሐይ ነው የሚያስፈልገው። እኩለ ቀን ላይ የሄደ ሰው ያረጀ ግራጫ ግድግዳ አይቶ «ይኼ ነው?» ይላል። ጥዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ድንጋዩ ይነሣል፦ ክብ አበባ፣ የሚጠማዘዝ ቅጠል፣ የቅስቱን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ ሐረግ። አበቦቹ ጠጋ ተብለው ሲታዩ አንድ ዓይነት አይደሉም። የአንዱ ቅጠል ጠልቆ ተቆፍሯል፣ ጥላው ጥቁር ነው፤ የጎረቤቱ ጠፍጣፋ፣ መሮው የፈራ የሚመስል ነው። የሁለት እጅ ሥራ መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሐረጉ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጠም ስቶ በጣት ስፋት ያህል ዝቅ ይላል። ድንጋዩ መሬት ላይ ተቀርጾ በኋላ ተሰቅሎ ይሆናል፤ ወይም ፈርሶ እንደገና ሲገነባ ቦታው ስቶ ይሆናል። በዚህ ግንብ ሁለተኛው አያስገርምም።

ምክንያቱም ግንቡ የአንድ ዘመን አይደለም። የአገሩ ሰው ታሪኩን ከአብርሃና አጽብሓ ይጀምራል። በጽሑፍ ጎልታ የምትታየው ንግሥት እሌኒ ናት፤ የሐዲያ ገዢ ልጅ፣ ልብነ ድንግል ሕፃን ሳለ አገር ያስተዳደረች፣ አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከች። እዚህ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ዝናው እስከ ባሕር ማዶ ደርሶ ነበር። በግራኝ ዘመን ጠፋ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊካውያኑ ኢየሱሳውያን በፍርስራሹ ላይ መልሰው ገነቡ፤ ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ሲለቅ እነሱም ከአገር ወጡ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥቶ ሲያይ ፍርስራሽ ሆኖ ነው ያገኘው። «የእሌኒ ነው» እና «የፖርቱጋሎች ነው» ብለው የሚከራከሩ ጎብኚዎች ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ አስጎብኚ ነኝ ባይ ልጅ አንዱን ብቻ ከነገረ ግን ሌላ ሰው መጠየቅ ነው።

ግንቡ ላይ መውጣት አይገባም፣ «ነውር ነው» ብቻ ብሎ ማለፍም ሰው አያስቆምም። እንዲህ ያለ ግድግዳ ውጭና ውስጡ የተጠረበ ድንጋይ፣ መሀሉ ደግሞ ኮረትና ጭቃ ወይም ኖራ ነው። ጣሪያ ሲጠፋ ዝናብ ከላይ ገብቶ መሀሉን ያጥበዋል፤ በስንጥቁ የበቀለ የሾላ ሥር ደግሞ ፊቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። አንድ ሰው ረግጦ አንዲት የጠርዝ ድንጋይ ካነቃነቀ መሀሉ እንደ ተቀደደ ጆንያ ይፈስሳል። ሆዱን የነፋ የሚመስል የግድግዳ ክፍል የታየበት ቦታ ሥር መቀመጥም ለራስ አይበጅም። ጥላ ፍለጋ እዚያ ሥር የሚቀመጥ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ሰኞ፣ ጥር 27። ሞጣ

ከመርጡለ ወደ ሞጣ ቀጥታ መኪና ካልተገኘ እስከ ዋናው መንገድ በአንዱ፣ ከዚያ በሌላ ነው። ሞጣ ትልቅ ከተማ ናት፤ ባንክ አለ፣ ሙቅ ሻወር አለ የተባለበት ሆቴልም አለ (ሙቁ የሚመጣው መብራት ካለ ነው)። ከሰዓት በኋላው ለነገ ዝግጅት ይውላል፦ ለአንድ ሰው 4 ሊትር ውሃ፣ ዳቦና ቆሎ፣ ባርኔጣ፣ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው። በሶ ከተገኘ ከዳቦ ይሻላል፤ በሙቀት አይሻግትም፣ ውሃ ብቻ ይበቃዋል።

ማክሰኞ፣ ጥር 28። ሰባራ ድልድይ

ከሞጣ ወደ ሰሜን መኪና የሚሄድበት እስኪያልቅ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት የግድ ነው። ደጋው ላይ ጋቢ ያስፈለገው ሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ሸሚዙን ያወልቃል። ቁልቁለቱ ሳንባን አያስቸግርም፣ ጉልበትን ነው የሚገድለው፤ የጫማ ማሰሪያ ወደ ላይ ጠበቅ ካልተደረገ ጣት ወደፊት እየተገፋ ጥፍር ይጠቁራል። ዱላ የማይዝ ጎጃሜ የለም፣ ምክንያቱ እዚህ ይገባል።

ድልድዩ ጎጃምን ከቀድሞው በጌምድር ጋር ያገናኝ ነበር። በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በድንጋይና በኖራ ተሠራ። «የፖርቱጋል ድልድይ» መባሉ ያስቃል፤ ያሠራው ካቶሊካውያኑን ከአገር ያስወጣው ንጉሥ ነው። ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው የሚል ወሬ እዚህም አለ። ቅስቶቹ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘልቀዋል። ያኔ ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች መሀለኛውን ቅስት ሰበሩት፣ ስሙም ከዚያ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። በሁለቱም ወገን ወንዶች ገመድ ይዘው ይቆማሉ፣ መንገደኛው ወገቡን ታስሮ በባዶው ላይ ይጎተታል፤ ነጋዴውም ታማሚውም እንዲሁ። በ2001 እ.ኤ.አ. የዚህን ፎቶ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፣ በዓመቱም ክፍተቱ በብረት ተሞላ። ብረቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ዓባይ ሞልቶ ወሰደው።

ምክንያቱ ቦታው ላይ ቆሞ ሲታይ ግልጽ ነው። ገደሉ እዚህ ጠባብ ነው። ጠባብ ስለሆነ ነው የፋሲል ግንበኞች የመረጡት፣ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ክረምት ውሃው ወደ ጎን መስፋት ሲያቅተው ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ ውሃ ቢያልፍበትም ይችላል። ቀላሉ ብረት ግንድና ቅርንጫፍ ሲያያዝበት እንደ ሸራ ሆኖ ጎርፉን ይቀበላል። ሁለተኛው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ የሆነውም ለዚህ ነው፦ ከጎርፉ ከፍታ በላይ ከዳር እስከ ዳር በገመድ ተሰቅሏል፣ ወንዙ ውስጥ እግር የለውም። ሲረገጥ ይወዛወዛል። ሁለት ሰው እኩል እየረገጠ ከሄደ ውዝዋዜው ይብሳል፣ ስለዚህ እርምጃ ማዛነፍ ነው። አህያ የያዘ መጀመሪያ ይለፍ።

መውጫው ከመውረጃው እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ከድልድዩ ከ5 ሰዓት በፊት ያልተነሣ ሰው ዳገቱን በሙቀቱ መሀል ይይዘዋል፤ ውሃው ያልቃል፣ ቆሎው ይደርቅበታል። እኛ የተነሣነው 5 ሰዓት ተኩል ነበር። ግማሽ ላይ ያሉ አንዲት እናት ከደጃቸው ጠርተው በቅል ጠላ ሰጡ፣ ብር ሲዘረጋላቸው እጃቸውን ወደኋላ አደረጉ፤ የተረፈው በሶና ጨው ለልጆቹ ተሰጠ፣ እሱን ተቀበሉ። መኪናው የቆመበት ስንደርስ 11 ሰዓት ነው። ሾፌሩ ተኝቶ ነበር፤ ስኮርታውን ጫን ብዬ አየሁት፣ ደኅና ነው።